«ልቆይ ወይስ ልልቀቅ?» ለሚል ሠራተኛ የሚሰጥ የምክር አገልግሎት፦ ከአምስት ክፍለ ጊዜ በኋላ የቀረበ ግምገማ

በመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በሰባተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ቀን ሳልሞላበት ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጬ፣ ድካም በጠናብኝ ማታ ከፍቼ እያነበብኩ መልሼ የምዘጋ ሰው ሆኜ ነበር። ደብዳቤው በዚህ ሁኔታ አምስት ወር ከቆየ በኋላ ነው፣ በሥራቸው ለመቆየትም ሆነ ለመልቀቅ መወሰን ላቃታቸው ሠራተኞች ተብሎ የተዘጋጀ የሙያ ምክር አገልግሎት እንዳለ ሰምቼ የተመዘገብኩት። ከዚህ በታች የምነቅፈው ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ለአንባቢም የሚጠቅመው ስሙ ሳይሆን፣ እንዲህ ካለው አገልግሎት ምን ሊጠብቅ እንደሚገባውና ምን ሊጠብቅ እንደማይገባው አስቀድሞ ማወቁ ይመስለኛል።

ጥቅሉ ስድስት ክፍለ ጊዜ አለው። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅ የቪዲዮ ንግግር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ንግግር በፊት የሚሞላ አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅና በየንግግሩ መካከል የሚሠራበት የመልመጃ ደብተር አብረው ይሰጣሉ። ክፍያው በአንድ ጊዜም ሆነ በየክፍለ ጊዜው መፈጸም ይቻላል፤ ያልተጠቀሙበት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ዓመት ይጠበቃል። ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አስቀይሬ ያለ ምንም ንትርክ ተቀይሮልኛል። በመስተንግዶው በኩል ቅሬታ የለኝም።

የተመደቡልኝ አማካሪ በሰው ኃይል አስተዳደር ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ታሪኬን ለመዘርዘር ተዘጋጅቼ ስቀርብ፣ «ሊለቁ የፈለጉት ምኑን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሥራዬን ነዋ» አልኩ። «ሥራዎን ሲሉ በእጅዎ የሚሠሩትን ነገር ነው፣ የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት ነው፣ ወይስ የሚያሠራዎትን ሰው?» ሲሉ መለሱልኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ሦስቱን በአንድ ጠቅልዬ «ሥራ» እያልኩ ስኖር፣ የአንዱ ምሬት ወደ ሌላው ሲፈስ ልብ ሳልለው ቀርቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በመልመጃ ደብተሩ ላይ የዕለቱን ውሎ በሰዓት እየከፈልኩ፣ የትኛው ሰዓት እንዳበረታኝና የትኛው እንዳደከመኝ እንድመዘግብ አዘዙኝ።

መዝገቡን ስናነበው ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። ናሙና ማዘጋጀት፣ መለካት፣ በተለይም ውጤቱ ከተፈቀደው ወሰን ሲወጣ ምክንያቱን አድኖ ማግኘት፣ እነዚህን የያዙት ሰዓታት በሙሉ «አበረታኝ» በሚለው በኩል ሰፍረዋል። ከመዘገብኳቸው አሥር የሥራ ቀናት በስምንቱ «አደከመኝ» በሚለው በኩል የተጻፈው ቅሬታ ግን አንድና ተመሳሳይ ነበር፦ ፈረቃዬ በዋዜማው ማታ በስልክ መልእክት መቀየሩ። የማነበው የነበረው ደብዳቤ «ሙያዬን ለመቀየር ስለወሰንኩ» ብሎ ይጀምር ነበር። ሙያዬን እንደምወደው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀውን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ መልመጃ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ ብቻውን ክፍያውን ያወጣ ነበር።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያረፈው ሁላችንም በምናውቀው የጥቅምና የጉዳት ዝርዝር ላይ ነበር። አማካሪዋ የዘዴውን መነሻ ሲነግሩኝ ልቤን የነካው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1772 የሳይንስ ተመራማሪም የነበረው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በእንግሊዝ አገር በሊድስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሳለ፣ አንድ መኳንንት በቤቱ እንዲሠራለት ጥሪ ያቀርብለታል። ፕሪስትሊ ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ ብሎ ወዳጁን አሜሪካዊውን ሳይንቲስትና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ምክር ጠየቀ። ፍራንክሊን በመስከረም ወር በጻፈለት መልስ፣ ምን መወሰን እንዳለብህ ልነግርህ አልችልም፣ እንዴት እንደምትወስን ግን እነግርሃለሁ የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት መክፈል፣ በአንዱ ወገን የሚደግፈውን፣ በሌላው ወገን የሚቃወመውን ለሦስትና ለአራት ቀን ትዝ ባለው ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዙ የቀረውን ማየት ነው። ፕሪስትሊ ጥሪውን ተቀብሎ ሊድስን ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1774 ኦክስጅንን ለይቶ ያወጣበትን ሙከራ ያካሄደውም በዚያ አዲስ ሥራው ላይ ሳለ ነው። በቤተ ሙከራ ለኖረ ሰው ይህ ተራ ታሪክ አይደለም። ሆኖም ፕሪስትሊ ኦክስጅንን ማግኘቱ መልቀቁ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን አማካሪዋ ወዲያው አሳሰቡኝ፤ ውጤቱ ስላማረ ብቻ ውሳኔው በጥሩ መንገድ ተወስኗል አይባልምና። ይህን ያህል ጥንቃቄ ስላሳዩኝ አከብራቸዋለሁ።

ከፍራንክሊን ዘዴ ብዙ ሰው የሚተወው፣ አገልግሎቱ ግን አጥብቆ የያዘው ክፍል ቀናቱን ነው። በአንድ ማታ የተጻፈ ዝርዝር የዚያን ማታ ስሜት ቅጂ ነው። እኔ ዝርዝሩን በአምስት ቀን ስሞላ፣ በመጀመሪያው ቀን በትልቁ የጻፍኩት «አለቃዬ አያከብረኝም» የሚለው በአራተኛው ቀን «አለቃዬ የፈረቃ ለውጥ አስቀድሞ አይነግረኝም» ወደሚል ወርዶ ነበር። የመጀመሪያው ቁስል ነው፤ ሁለተኛው ግን ሊስተካከል የሚችል አሠራር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታዬ ልምጣ። ከመጀመሪያው ንግግር በፊት የሚሞላው መጠይቅ ከመቶ የሚታሰብ ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡም ባለቀለም ገጽ ላይ ተጽፎ፣ ዝቅ ካለ «ለመልቀቅ ይዘጋጁ»፣ መካከለኛ ከሆነ «ለማሻሻል ይሞክሩ»፣ ከፍ ካለ «ይቆዩ» የሚል ፍርድ ታክሎበት በኢሜይል ይላካል። መጠይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላሁት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነበር፤ 31 አገኘሁ። የምሠራበት ሙያ ያስተማረኝ ነገር ስላለ በአንድ ልኬት አልረካሁም። ከአሥር ቀን በኋላ በዕረፍት ቀኔ ጠዋት ደግሜ ስሞላው 58 ሆነ። ሌላ ሳምንት ቆይቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስሞላው 44 ወጣ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት በመሥሪያ ቤቴ የተለወጠ አንድም ነገር አልነበረም። አንድን ናሙና ሦስት ጊዜ መዝኜ እንዲህ የተራራቀ ውጤት ባገኝ፣ ስለ ናሙናው አንዲት ቃል ሳልጽፍ ሚዛኑን ከአገልግሎት አውጥቼ ለማስተካከያ ነበር የምልከው።

ሦስቱን ውጤቶች ለአማካሪዋ ሳሳያቸው አልተከራከሩኝም። መጠይቁ የሚለካው በአብዛኛው የዕለቱን ስሜት እንደሆነ፣ እሳቸውም ለንግግር መነሻ ከማድረግ ያለፈ ክብደት እንደማይሰጡት ነገሩኝ። መልሳቸው ሐቀኛ ነው። ይሁን እንጂ ያ ባለቀለም ገጽ የሚደርሰው ከእሳቸው ጋር ከመነጋገር በፊት ነው፤ ለብቻው፣ ያለ ምንም ማሳሰቢያ። በዚያች ሌሊት 31 የሚለውን ቁጥር ሳይ ደብዳቤዬን ከፍቼ ቀን ልሞላበት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የሰው እንጀራ የሚወሰንበትን ጉዳይ በአንዲት ቁጥር አትሞ መላክ ከባድ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድርጅቱ ገጹን ቢተወው፣ ቢያንስ ደግሞ መጠይቁን በተለያየ ቀን ደጋግሞ አስሞልቶ ልዩነቱን ቢያሳይ ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ሰባቱ ዓመታት ነበር። ደጋግሜ የማነሳው ምክንያት «ሰባት ዓመት አፍስሼበት እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ» የሚል ነበርና። አማካሪዋ ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን ጥናት አስረዱኝ። ለአንድ የቲያትር ወቅት ሙሉ ትኬት ሊገዙ ከመጡ ሰዎች ለከፊሎቹ ሳይጠብቁት ቅናሽ ተደረገላቸው፤ በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉውን ዋጋ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ትርኢት ተመለከቱ። ቲያትሩ ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ ወንበር ላይ ያቆያቸው የከፈሉት ገንዘብ ነበር። «ሰባቱ ዓመታት ከቆዩም ከለቀቁም አይመለሱም» አሉኝ፤ ቀጥለውም ይህን ጠየቁኝ፦ «ዛሬ ሥራ ፈላጊ ቢሆኑና ይህ ሥራ፣ ከነደመወዙ፣ ከነፈረቃው፣ ከነኃላፊው ቢቀርብልዎ ይቀበሉት ነበር?» መልሴ «ፈረቃው አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ አዎ» የሚል ነበር። ከዚህ በመነሳት የቀረው ጉዳይ ጠበበ። ነገር ግን አንድ ማስተካከያ ልጨምር፦ ዓመታቱ ባይመለሱም ያፈሯቸው ነገሮች፣ ማለትም ችሎታው፣ የጡረታ መብቱ፣ የባልደረቦች እምነት፣ ዛሬም በእጅ ያሉ ናቸውና ከሚዛኑ መውጣት የለባቸውም። ይህን ልዩነት የመልመጃ ደብተሩ በግልጽ አላስቀመጠውም።

ከአገልግሎቱ ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ትንታኔ፣ አንድ ድርጅት እየተበላሸ ሲሄድ በውስጡ ያለ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ገልጿል፦ መውጣት ወይም ድምፅን ማሰማት፤ ለድርጅቱ ያለው ታማኝነት ደግሞ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ይወስናል። አማካሪዋ ይህን ካስረዱኝ በኋላ፣ «ስለ ፈረቃው ለኃላፊዎ የነገሩት መቼ ነው?» አሉኝ። ለባልደረቦቼ ነግሬያለሁ፤ ለቤተሰቤ ነግሬያለሁ፤ ለእሳቸው ለራሳቸውም በሦስት ክፍለ ጊዜ ነግሬያለሁ። ለኃላፊዬ ግን አንድ ቀን አልተናገርኩም። «የሚያውቅ መስሎኝ ነበር» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

የቀረውን ጊዜ የተጠቀምንበት ያንን ንግግር በመለማመድ ነው። አማካሪዋ እንደ ኃላፊ ሆነው እያቋረጡኝ፣ ወደ ሌላ ርዕስ እየወሰዱኝ፣ አንዴም እየተቆጡኝ ሦስት ጊዜ አለማመዱኝ። ልምምዱ ሦስት ነገሮችን አስጨበጠኝ፦ ምሬትን ሳይሆን የተመዘገበ ነገር ይዞ መቅረብ፣ የሚጠየቀውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፣ መልቀቅን እንደ ማስፈራሪያ አለማንሳት። በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ፣ «ባለፉት ሁለት ወራት ፈረቃዬ አሥራ አንድ ጊዜ በዋዜማው ተቀይሯል፤ ለውጡን ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት እንዲያሳውቁኝ እጠይቅዎታለሁ» አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ይሄን ያህል ነው እንዴ? እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። አነጋገራቸው የንዴት አልነበረም። በዚያው ዕለት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችም አነሳሁ፤ አዳዲስ የመመርመሪያ ዘዴዎችን በማዘጋጀት ሥራ እንድሳተፍ፣ እንዲሁም በየዓመቱ አንድ ሥልጠና እንዳገኝ። በፈረቃው ወዲያው ተስማሙ፤ በሥልጠናው «እናያለን» አሉ፤ ስለ ዘዴ ዝግጅቱ ግን ምንም ቃል አልሰጡኝም።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ የተነገረኝ ግን ከአሥር ደቂቃ አላለፈም። ይህ ደካማ ጎኑ ነው። «መጠባበቂያ ይኑርዎት» ከማለት የዘለለ ምክር ባለማግኘቴ ስሌቱን በራሴ ሠራሁት። ያለኝን ቁጠባ ለወር ወጪዬ አካፍዬ ያለ ገቢ ስንት ወር መቆየት እንደምችል አወቅሁ። የሥራ ውሌን ከመሳቢያ አውጥቼ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ፣ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልኝ እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ላስተማረኝ ሥልጠና የአገልግሎት ግዴታ ገብቼ እንደሆነ አነበብኩ። የግዴታው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ወር ብቻ እንደቀረው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደብዳቤውን በዚያች የ31 ነጥብ ሌሊት ልኬው ቢሆን የሥልጠናውን ወጪ እንድመልስ በተጠየቅሁ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በመጠይቁ ከአርባ ጥያቄ አንዱ እንኳ አለመሆኑ ያሳዝነኛል።

በዚሁ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ የቀረበው የሳንቲም መልመጃ ለአጭር አስተያየት ብቻ የሚበቃ ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ስቲቨን ሌቪት መወሰን ያቃታቸውን ሰዎች በድረ ገጽ ሳንቲም እንዲያስጥሉ አድርጎ ነበር፤ ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ተጥለዋል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱም ሥራ ስለ መልቀቅ ነው። ሳንቲሙ «ለውጥ አድርግ» ያላቸው ሰዎች ለውጡን የማድረግ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በኋላም ይበልጥ ደስተኞች መሆናቸውን ተናግረዋል። ደብተሩ ይህን ጠቅሶ ወደ መልቀቅ ያደላ ይመስላል። ተሳታፊዎቹ ግን በፈቃዳቸው የገቡ፣ ምናልባትም ቀድሞውኑ ልባቸው ወደ ለውጥ ያዘነበለ ሰዎች እንደሆኑ፣ ደስታቸውንም የተናገሩት ራሳቸው እንደሆኑ መጻፍ ነበረበት። ለእኔ ሳንቲሙ ያገለገለኝ በሌላ መንገድ ነው። ወጥቶ «ልቀቂ» ሲል ቅር ያለኝ ስለ ሥራው ሳይሆን ኃላፊዬ የሰጡኝን ቃል ሳልፈትን መውጣቴ መሆኑን አስተዋልኩ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ጉድለት ምዝገባው ማጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ደመወዙ የተያዘበት፣ ትንኮሳ የሚደርስበት፣ ሕይወቱን አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ የሚሠራ ሰው ስድስት ክፍለ ጊዜ ጥቅምና ጉዳት እንዲመዝን መደረግ የለበትም፤ የሚያስፈልገው የሕግና የመብት ድጋፍ ነው። በሥራ ጫና ውስጡ የዛለ ሰውም እንዲሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ፣ በርንአውት የሚባለው ሁኔታ በራሱ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት መሆኑን ጠቅሶ፣ ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ለሥራው መጥፎ ስሜት ማደር፣ የሥራ ብቃት መቀነስ። ሦስቱም ያሉበት ሰው ስለ ሥራው ከመወሰኑ በፊት ዕረፍትና የጤና ባለሙያ ቢያገኝ ይበጀዋል። በምዝገባው ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ቢጨመር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ወደሚገባቸው ቦታ መምራት ይቻል ነበር።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት የምመክረው ለየትኛው ሰው እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል፦ ኑሮው ያልተናጋ፣ ጤናው የተጠበቀ፣ ነገር ግን ቅሬታው ተቆልሎ ምን እንደሚያስከፋው መለየት ላቃተው ሠራተኛ። ባለቀለሙን ገጽ ሳይከፍት ይለፈው፤ ውሉን አስቀድሞ ያንብብ፤ ከስድስቱ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያውንና አራተኛውን አጥብቆ ይያዝ።

እኔ የወሰንኩት ለስድስት ወር ለመቆየት ነበር። ፈረቃ አስቀድሞ መነገሩን፣ ሥልጠናውን፣ የዘዴ ዝግጅት ሥራውን በወረቀት አስፍሬ፣ ወረቀቱ ላይ ስድስተኛው ወር የሚያልቅበትን ቀን ጻፍኩ። ቀኑ ሲደርስ ፈረቃው ተስተካክሏል፤ ሥልጠናውንም ወስጃለሁ። የዘዴ ዝግጅቱን ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነሳ ኃላፊዬ ያ ሥራ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር መሆኑን በቅንነት ነገሩኝ። አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ይኸኛው «ሙያዬን ለመቀየር» አይልም። የማስጠንቀቂያ ጊዜዬን ሙሉ ሠርቼ፣ የጀመርኳቸውን ምርመራዎች አስረክቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ይዤ ወጣሁ፤ ኃላፊዬ እስከ በሩ ሸኙኝ።

በአዲሱ ቤተ ሙከራ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ዘዴ እያዘጋጀሁ ነው፤ ደስ ብሎኛልም። ይሁን እንጂ ዌንዲ ቦዝዌልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በከፍተኛ ኃላፊዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ከተቀየረ በኋላ እርካታ ከፍ ብሎ እንደሚጀምርና እየቆየ መልሶ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ስለዚህ የዛሬውን ደስታዬን ገና በማስረጃነት አልቆጥረውም። ስድስተኛውን ክፍለ ጊዜ አልተጠቀምኩበትም፤ የአንድ ዓመቱ ገደብ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አዲስነቱም በረድ ሲል፣ ከአማካሪዋ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ።